ከሾላው ወደ ውሃው

ከሾላው ዛፍ ወደ ጨሞጋ ወንዝ የሚያወርደው መንገድ ስፋቱ አንዲት የተጫነች አህያና ነጂዋን ጎን ለጎን ቢያሳልፍ ነው። በግራው የሥራነሽ መስክ ነበር፤ በቀኙ የባሏ ወንድም የእንዳላማው እርሻ። እንዳላማው ሲያርስም ሆነ ሥራነሽ ሣር ስታሳጭድ፣ ከመንገዱ አንድ ፈር ሲቀራቸው ይመለሳሉ። ይህን ማን እንዳዘዘ የሚያውቅ የለም። አባቶቻቸው እዚያ ላይ ሲመለሱ አይተዋል፤ እነሱም ይመለሳሉ። መንገዱ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰውም አልነበረም፤ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ እስከ ሁለተኛው ዓመት ድረስ።

ጨሞጋ ከላይ ከድንጋይ ጋር እየተላተመ ይመጣና ከመንገዱ ግርጌ ሲደርስ ድንገት ይሰፋል፣ ይተኛል። ሰዉ ያን ቦታ «ባሕሩ» ይለዋል። ውሃ የሚቀዳው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ዓሣም የሚያዘው እዚያ ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ጭነት ከሾላው ሥር ይራገፋል፣ እንስሳም እዚያው ታስሮ ተራውን ይጠብቃል፣ ሰው በእግሩ ይወርዳል። ወደ አምበር ገበያ የሚያልፍ ነጋዴ ቢሆን፣ ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄድ የቆሎ ተማሪ ቢሆን፣ በቅሎው በብር ያጌጠችለት ባላባት ቢሆን፣ ከሾላው በታች ተቀምጦ የሚሄድ የለም።

በዓመት አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል በቅበላው ሳምንት ሐሙስ፣ አገሩ ሁሉ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ይወርዳል። ዱቄቱ ከባሕሩ ራስ ላይ ሲበተን ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ያኔ በቅርጫትም በነጠላ ጫፍም ይለቀማል። ትንንሹ ወደ ንጹሕ ውሃ ይመለሳል፤ የቀረው በዕለቱ እዚያ ለተገኘ ሁሉ ይከፈላል፤ ያልታወቀ መንገደኛም ቢሆን ድርሻ አለው። ከዚያ ቀን በቀር ብርብራ መበተን ነውር ነው።

ሥራነሽ ወደዚህ አገር የመጣችው ለደምለው ተድራ ነው። ደምለው በሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክተት ሲባል ጠመንጃውንና አንድ አቁማዳ በሶ ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ። አብረውት ከሄዱት አራቱ ተመለሱ። አንዱ ተከዜ ማዶ አየሁት አለ፤ ሌላው ቆስሎ ነበር አለ፤ ሞቶ አየሁት ያለ ግን የለም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጠም። ሥራነሽም ሐዘን አልለበሰችም፤ የምትለብሰው ሌላ ልብስም አልነበራት። ልጇን ዘሪቱን ይዛ ቤቱን ትጠብቅ ጀመር።

እርሻዋን ያረሰላት እንዳላማው ነው። ከሾላው በላይ የእሱና የእሷ እርሻ ይገናኛሉ፤ መካከላቸው ያለው ወሰን ሦስት ድንጋይ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እንዳላማው አንድ ፈር አለፈ። በሬው ስቶ ነው ብላ ተወችው። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ፈር ጨመረ፤ ድንጋዮቹም አብረው ተንቀሳቀሱ።

«አያ እንዳላማው፣ ድንጋዩ ይህን ያህል ወደኔ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችው አንድ ቀን፣ ምሳ ወስዳለት።

እንዳላማው የቆረሰውን እንጀራ እያየ፣ «ጎርፍ ገፍቶት ይሆናል» አላት።

«ጎርፍ ወደ ዳገት ይገፋል?»

እንጀራውን ጎረሰ። እሷም አልደገመችም። ነገ የሚያርስላት ሰው እሱ ነውና አትደግምም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ስትተኛ ፈሮቹን ትቆጥር ነበር። ሦስት ናቸው። ደምለው ሲመጣ፣ «እኔ አገር ስጠብቅ አንቺ መሬቴን መጠበቅ አቃተሽ?» የሚላት ይመስላታል። ደምለው እንዲህ የሚል ሰው አልነበረም። ከራቀ ወዲህ ግን በሐሳቧ ውስጥ እየተቆጣ ሄደ።

በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ እሑድ፣ አንዲት ትንሽ መኪና ከሾላው ሥር መጥታ ቆመች። ከኋላዋ ወታደሮች የጫነ ካሚዮን ነበር። ከመኪናዋ የወረደው ካፒቴን ረጅም ቀጭን ዘንግ ይዟል። አስተርጓሚው የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፤ አስማማው ይባላል፤ አስመራ ሦስት ዓመት ሠርቶ ቋንቋውን ተምሯል። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ጥግ ይዘው ቆሙ። ከመካከላቸው የብርጓል ነበረች፤ የሥራነሽ ጎረቤት፣ ዘሪቱን ክርስትና ያነሳች ሴት ናት። ፈርታ ዝም ማለት የማይሆንላት ሴት ነበረች።

«ምን ሊያደርግ ነው?» አለችው አስማማውን።

«ዓሣ ሊይዝ ነው፣ እትዬ።»

«በዚያች አርጩሜ?»

«ጫፏ ላይ መንጠቆ አለ። መንጠቆው ላይ ትል አለ። ዓሣው ትሉን አገኘሁ ብሎ ይውጠዋል።»

«ስንት ይይዛል በቀን?»

አስማማው ወደ ካፒቴኑ ሰረቅ አድርጎ አየ። «ባለፈው እሑድ ከሌላ ወንዝ ሁለት ይዞ ነበር። አንዷን አሳዘነችኝ ብሎ ለቀቃት።»

«እንግዲያ ምስኪን ቤተሰቡ» አለች የብርጓል፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

ሥራነሽም ሳቀች። በኋላ በኋላ ያን ሳቅ ብዙ ጊዜ አስታወሰችው።

ያን ዕለት ማምሻውን ሰዎች ቄስ አካለ ወልድ ደጅ ተሰብስበው ይከልከል አይከልከል ተባባሉ። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ የአገሩ ወሰን ሁሉ በአእምሯቸው ነው። «ከሾላው ሥር ወርዶ በእግሩ ሄዷል» አሉ። «ወደ ውሃ በእግሩ የወረደን ሰው እስከ ዛሬ የከለከልነው የለም። ጠላትም ቢሆን። ዘንጉን ይዞ ይቀመጥ።»

ካፒቴኑ በየእሑዱ መጣ፤ ሁልጊዜም መኪናው ከሾላው ሥር ትቆማለች። ችግሩ የመጣው በአራተኛው እሑድ ነው። ከብቶች ሊጠጡ ወርደው ውሃውን አደፈረሱበት። ካፒቴኑ አልተቆጣም፤ ደብተሩን አወጣ እንጂ። ሽማግሌዎቹ ተጠሩ።

«ባለቤቱ ማነው ይላል» አለ አስማማው።

«የምኑ?» አሉ ቄስ አካለ ወልድ።

«የዚህ ሁሉ። የመስኩ፣ የመንገዱ፣ የውሃው።»

«መስኩ የሥራነሽ ነው። ያ እርሻ የእንዳላማው ነው።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱማ መንገድ ነው።»

አስማማው ተረጎመ። ካፒቴኑ እርሳሱን እንደያዘ ቀና ብሎ ጠበቀ፤ የቀረ ነገር ያለ መስሎታል። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ።

«ባለቤት የሌለው መሬት የመንግሥት ነው ይላል። ባለቤት ካለው ግን ከባለቤቱ ጋር ይዋዋላል። እስከሚመጣው እሑድ አስባችሁ ንገሩኝ ነው የሚለው።»

«እኛ የምናስበው የለንም» አሉ ቄሱ። «እሱ ያስብ።»

ይህን አስማማው አልተረጎመም።

ሥራነሽ በማግሥቱ መስኳ ላይ ሣር ስትሰበስብ አስማማው በእግሩ መጣ። ተቀመጥ ሳትለው ከሣሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ ወንድም አድርጎ ነው ያናገራት፤ ይህም ነው ያታለላት፤ ያታለላት ካልን።

«እመቤት፣ ነገሩን ላስረዳሽ» አላት። «ሰውየው የሚፈልገው መኪናውን ከውሃው ዳር ማቆምና በሰላም መቀመጥ ነው። ለባለመሬቱ ወረቀት ይሰጣል። ማኅተም ያለበት።»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ይህ መሬት ከዚህ እስከዚህ የእገሊት ነው ይላል። ማንም አይገፋትም ይላል።»

ሥራነሽ ማጭዷን አስቀመጠች። «ከሾላው በላይ ያለው እርሻስ ይጻፋል?»

«ያንቺ ከሆነ ለምን አይጻፍም? ግን መንገዱ ካልተካተተ ወረቀቱ አይጻፍም። ለሰውየው ከመንገዱ በቀር የሚጠቅመው የለም።»

«መንገዱ የኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

ሥራነሽ ዞራ መንገዱን አየችው። አስማማው ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «አንቺ ካላልሽው ሌላ ሰው የኔ ነው ይላል። ወይ መንግሥት ይወስደዋል። በአንቺ ስም ቢሆን ለጎረቤቶችሽ ፈቃድ ትሰጫለሽ፣ ያልፋሉ። የሚጎዳ ሰው አይታየኝም።»

ይህን ቃል ሳምንቱን ሙሉ ይዛው ዋለች፣ ይዛው አደረች። የሚጎዳ ሰው አይታየኝም። ከሁሉ በላይ ግን የምታስበው ሦስቱን ፈር ነበር። ማኅተም ያለበት ወረቀት። ደምለው ሲመጣ ከሳጥን አውጥታ የምታሳየው ነገር።

በዚያ አገር ወሰን የሚረጋው በቃል አይደለም። ወሰኑ እዚህ ነው የሚል ሰው ከድንበሩ ላይ አንድ ጉማጅ አፈር ከነሣሩ ይቆረጥለታል፤ ያን በትከሻው ተሸክሞ፣ በጫማ ሳይሆን በባዶ እግሩ፣ ከወሰኑ ራስ እስከ ወሰኑ ጫፍ ይረግጣል። እግሩ ያረፈበት ድንበር ነው። ተቃራኒው ወገን ረጋጩ ከጫፍ ሳይደርስ «ቁም» ካለ ነገሩ ወደ መሐላ ይሄዳል። ዝም ካለ ተፈጸመ። ወሰን የረገጠ ሰው ደግሞ በዚያው ወሰን ላይ ዕድሜ ልኩን ሁለተኛ አይረግጥም። አንዴ አፈሩን ተሸክሞ ከተናገረ በኋላ ሌላ ሊናገር አይችልም፤ ነገሩ የእግዚአብሔር ነው።

እሑድ ጠዋት ሥራነሽ ቄስ አካለ ወልድ ፊት ቆመች። «እረግጣለሁ» አለች።

ቄሱ ብዙ አዩዋት። «ከየት እስከ የት?»

«ከላይኛው እርሻ ራስ እስከ ባሕሩ።»

«ልጄ፣ አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ፣ አባቴ።»

ካፒቴኑ የሚታጠፍ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር፤ ሥርዓቱን የወደደው ይመስላል። ጎረቤቱ ሁሉ ከሾላው ሥር ቆሟል። እንዳላማው ከእርሻው ዳር እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል። ጉማጁ አፈር ተቆርጦ ትከሻዋ ላይ ተደረገ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ጤዛው በአንገቷ ወረደ።

በላይኛው እርሻ በጥንቱ ወሰን ረገጠች፤ የተገፉትን ድንጋዮችና ሦስቱን ፈር ወደራሷ አድርጋ። አሁን «ቁም» ይላል ብላ ጠበቀች። እንዳላማው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። ቢናገር ስለ ድንጋዮቹ ይማላል፤ ያን ደግሞ አይችልም። አልተናገረም።

ሾላው ጋ ደረሰች። እዚያ ነው መንገዱ የሚጀምረው። በግራው ብትረግጥ መንገዱ ከእሷ ውጪ ይሆናል፤ በቀኙ ብትረግጥ ከውስጥ። በግራና በቀኙ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት እርምጃ ነው። ቀና ስትል የብርጓልን አየቻት፤ እንስራዋን አዝላ ቆማለች። የብርጓል ከንፈሯን ከፈት አደረገች፣ መልሳም ገጠመችው።

ሥራነሽ መንገዱን አቋርጣ በቀኙ ወረደች።

የእግሯን ኮቴ ራሷ ትሰማው ነበር። በመንገዱና በእንዳላማው እርሻ መካከል በቀረችው፣ ማንም አርሷት በማያውቀው አንዲት ፈር ላይ እስከ ውሃው ሄደች። ከባሕሩ ዳር ስትደርስ አፈሩን ከትከሻዋ አውርዳ ውሃው ውስጥ ጣለችው። ውሃው ትንሽ ደፈረሰ፤ መልሶ ጠራ።

ካፒቴኑ እጁን አነሣላትና ፈገግ አለ። እንዳላማው በአጠገቧ ሲያልፍ፣ «መንገዱንም?» አላት በዝግታ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ወረቀቱ በሳምንቱ መጣ። ሐምራዊ ማኅተም አለበት። አውራ ጣቷን ቀብታ አተመች። ቄስ አካለ ወልድ እንዲያነቡላት ብትወስደው፣ «ይህን ፊደል አላውቀውም» ብለው ሳይነኩት መለሱላት።

ከዚያ በኋላ የወታደሮቹ ካሚዮኖች ከሾላው ሥር አልቆሙም። እስከ ውሃው ዳር ወርደው ቆሙ። ጎማቸው መንገዱን ሰንጥቆ ሁለት ቦይ አደረገው። በሁለተኛው ሳምንት እሾኻም ሽቦ መጣና ከሾላው ግራና ቀኝ ተዘረጋ፤ በር ተሠራለት፤ በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ባንዳ ቆመ።

ሥራነሽ እንስራዋን አዝላ ወረደች። ባንዳው በሩን ከፈተላት። ከኋላዋ የብርጓልና ሌሎች ሁለት ሴቶች ነበሩ። ዘጋባቸው።

«ጎረቤቶቼ ናቸው» አለች ሥራነሽ። «ፈቅጃለሁ።»

«ትእዛዙ ለባለቤቷ ብቻ ነው የሚለው።»

«ባለቤቷ እኮ ነኝ የፈቀድሁት።»

«አንቺ የሰጠሽ ነሽ። የተቀበለው ካፒቴኑ ነው። ፈቃጁም እሱ ነው።» ባንዳው ወጣት ነው፤ አነጋገሩ ክፋት አልነበረበትም። «አንቺ ግቢ፣ እናቴ። እነሱ አይገቡም።»

ሥራነሽ ወደኋላዋ ተመለከተች። የብርጓል እንስራዋን አስተካክላ ነበር። «ሂጂ ቅጂ» አለቻት። «እኛ በገደሉ እንወርዳለን። ውሃው ያው ነው።»

በገደሉ የሚወርደው የፍየል መንገድ ነው። ከሾላው ወደ ታች ብዙ ሄዶ በድንጋይ ላይ ይወርዳል። ውሃ ተቀድቶ በዚያ መውጣት ለወጣትም ይከብዳል። በዚያ ቀን ሥራነሽ ብቻዋን ቀዳች። ባሕሩ ዳር ብቻዋን ቆማ ውሃ ስትቀዳ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ካሚዮኖቹ ቆመው ሲያዩዋት መሰላት።

ማምሻውን የብርጓል ቤት ሄደች። «እትዬ፣ ያንቺንም እኔ ልቅዳልሽ። ሁለቴ ብመላለስ ምን ይሆናል?»

«ተይ፣ ልጄ። የራሴን እንስራ እኔው ልሸከም።»

«ተቀይመሽኛል።»

«ምን ያስቀይመኛል? ደምለው እስኪመጣ ነው። ባል የሌላት ሴት ምን ታድርግ?» አለችና የተፈለጠ እንጨት ወደ እሳቱ ገፋ አደረገች። ይህ ደግሞ ከስድብ የባሰ ነበር። ቂም ቢሆን ካሳ ይገኝለታል። የብርጓል ግን አዘነችላት፤ አዘነችላትና ውሃዋን አልፈለገችም።

ከዚያ ወር በኋላ ሥራነሽም በገደሉ መውረድ ጀመረች። ባንዳው እየጠራ፣ «በሩ እኮ ላንቺ ክፍት ነው» ይላታል። እሷ ያልሰማች መስላ ታልፋለች። አብረዋት የሚወርዱት ሴቶች ቦታ ይለቁላታል፣ ደኅና አደርሽ ይሏታል፤ ወጋቸው ግን እሷ ስትደርስ ያጥራል።

የዚያ ዓመት የቅበላ ሐሙስ ብርብራ አልተወቀጠም። የሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ዘንግ የሚይዘው ካፒቴን ወደ ሌላ አገር ተዛወረና የተተካው ትዕግሥት የሌለው ሰው ሆነ። ወታደሮቹ መንገድ ሲሠሩ ድንጋይ የሚሰነጥቁበትን ፈንጂ ወደ ባሕሩ ይወረውሩ ጀመር። ድምፁ እስከ መንደሩ ይሰማል። ሥራነሽ አንድ ቀን ከመስኳ ዳር ሆና አየችው። ውሃው ወደ ላይ ተነሥቶ ወደቀ፤ ከዚያ ባሕሩ ነጭ ሆነ። ትልልቁን በጆንያ ሞልተው ሄዱ። የቀረው፣ ጣት የሚያህለው፣ ከጣትም የሚያንሰው፣ ሆዱን ገልብጦ ዳር ዳሩን ይንሳፈፍ ነበር። ወደ ንጹሕ ውሃ የሚመልሰው ሰው የለም። ብትመልሰውም ሞቷል።

በሠላሳ ሁለት ክረምት የብርጓል ገደሉ ላይ አዳለጣት። እንስራው ከበታችዋ ተሰበረ። አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አወጣት። ወጌሻ ዳሌዋን አሸላት፣ አሰረላት፤ ነፍሷ ተረፈች። ያለ ምርኩዝ ግን ሁለተኛ አልቆመችም። ሥራነሽ ያን ክረምት ውሃ እየቀዳች ወሰደችላት። የብርጓል አሁን እንቢ የምትልበት እግር አልነበራትም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለች ተቀበለች፤ ሥራነሽ ግን ይህን ቃል በሰማች ቁጥር እንስራውን ቶሎ ገልብጣ ትወጣ ነበር።

በሠላሳ ሦስት ሚያዝያ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ሄደ። ካሚዮኖቹ አንድ ጠዋት ከውሃው ዳር ተነሥተው ሄዱ፤ በቆሙበት ጥቁር ዘይት የጠጣ መሬት ቀረ። ሽቦውን ሰዉ እየቆረጠ ለአጥሩ ወሰደ። ሥራነሽ አንድ ክንድ እንኳ አልወሰደችም። ወረቀቱን ከሳጥኗ አውጥታ አየችው፤ ማኅተሙ ደብዝዟል። ላቃጥለው ብላ ወደ እሳት አስጠጋችና መልሳ አስቀመጠችው። ቢቃጠልም የረገጠው እግሯ ነው።

ወደ ቄስ አካለ ወልድ ሄደች። እርጅና ዓይናቸውን ይዞታል፤ በድምፅዋ አወቋት።

«አባቴ፣ ልመልሰው ነው የመጣሁ። አፈሩን አሸክሙኝና በግራው ልርገጥ። መንገዱ ይውጣ።»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ» አሉ ቄሱ።

«አውቀዋለሁ። ግን የምመልሰው ነው እንጂ የምወስደው አይደለም።»

«ለመመለስም ቢሆን ሁለተኛ አይረገጥም፣ ልጄ። ዛሬ ላንቺ ብንፈቅድ ነገ ማን ያምነዋል? ሊረግጥ የሚችለው እንዳላማው ነው። አንቺ ቁም ማለት አትችይም፤ አንድ ጊዜ ተናግረሻል።»

ይህን ቃል ስትሰማ ሁሉም ነገር ታያት። ለሦስት ፈር ብላ ያደረገችው ነው። አሁን ያን ወሰን የሚረግጠው ያ ሰው ራሱ ነው፤ እሷም ዝም ብላ ታያለች።

«ይርገጥ» አለች።

እንዳላማው ከሰኔ በፊት ረገጠ። ሸምግሎ ነበር፤ አፈሩን ተሸክሞ ሲሄድ ትከሻው ያዘነብላል። በላይኛው እርሻ ድንጋዮቹ በተገፉበት በኩል ሄደ፤ ሦስቱን ፈር ወደራሱ ወሰደ። ሰዉ ሁሉ አየው። ሥራነሽም አየች። ማንም ያልተናገረው ሕጉ ስለያዘው ብቻ አልነበረም፤ መንገዱን አሳልፋ የሰጠችው እሷ መሆኗን ሁሉም ያውቃል።

ሾላው ጋ ሲደርስ እንዳላማው ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ። መንገዱን ማስገባት ይችል ነበር፤ የሚከለክለው የለም። ወደ እሷ አላየም። ከዚያ በራሱ እርሻ በኩል፣ ከመንገዱ አንድ ፈር ለቅቆ፣ ቀስ እያለ ወረደ። አፈሩን ውሃው ውስጥ ሲጥል ቄስ አካለ ወልድ፣ «መንገዱ ወጥቷል?» ብለው ጠየቁ፣ ስላላዩ።

«ወጥቷል» አሏቸው። «በግራውም?» አሉ ቄሱ።

«በግራውም ይውጣ» አለች ሥራነሽ። መናገር አይገባትም ነበር፤ ሆኖም የሚቆጣት አልተገኘም።

በሚቀጥለው ዓመት የቅበላ ሐሙስ ብርብራው ተወቀጠ። አራት ዓመት ሙሉ ያልተወቀጠ ነውና ሰዉ ከሩቅም መጣ። አህዮችና በቅሎዎች እንደ ድሮው ከሾላው ሥር ታሰሩ። ሁሉም ሲወርድ ሁለት ሴቶች እዚያው ቀሩ፤ አንዷ የብርጓል፣ መውረድ ስለማትችል። ሌላዋ ሥራነሽ፤ እንስሳ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብላ።

ከታች ጫጫታ አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ እንዳላማው ያልተነካ የብርብራ ስልቻ በትከሻው ይዞ ወጣ።

«ምነው?» አለችው የብርጓል።

«የሚያዝ ነገር የለም። ያለው ጣት የሚያህል ነው። ቄሱ አትበትኑ አሉ። ይደግ አሉ።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«እኔ ምን አውቄ» አለና ስልቻውን አህያው ላይ ጭኖ ሄደ። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ብርብራቸውን መልሰው ጫኑ። እየተሰናበቱ ወጡ። ከሩቅ የመጡት ድርሻ ሳይዙ ተመለሱ። ያ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ሾላው ሥር ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ የብርጓል ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ «ያን ቀን አይቼሽ ነበር» አለች። «እዚህ ቆመሽ። እግርሽን ከማንሣትሽ በፊት።»

ሥራነሽ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«ተይ ልልሽ ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ደምለውን አሰብሁና ዋጥሁት። ባሏ የለ፣ መሬቷን እየበሏት ነው፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬ። ብናገር ትሰሚኝ ነበር?»

ሥራነሽ አዎ ልትል ፈለገች። ያን ጠዋት፣ አንገቷ ላይ የወረደውን ጤዛ፣ ማኅተሙን፣ በሐሳቧ የሚቆጣውን ደምለውን አስታወሰች። ደምለው እስከ ዛሬ አልመጣም።

«አላውቅም» አለች። «ብሰማሽ ደስ ይለኝ ነበር።»

የብርጓል ራሷን ነቀነቀች። ከአጠገቧ ባዶ እንስራ ነበር፤ ከልማድ ይዛው መጥታ ነው። ሥራነሽ ሳትጠይቅ አንሥታ አዘለችው።

መንገዱ ካሚዮኖቹ ባረሱት ቦይ ውስጥ ሣር አብቅሏል። ሰዉ በመካከሉ አዲስ እግር መንገድ ማውጣት ጀምሯል። ሥራነሽ ግን በመካከሉ አልሄደችም። ዳር ዳሩን፣ በራሷ መስክ በኩል፣ ሣሩን እየረገጠች ወረደች። ከዚያም በኋላ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ በዚያ መንገድ ስትወርድ ያዩዋት ሁሉ እንደዚያው ነው የሚያዩዋት፤ እንስራዋን አዝላ፣ ጠርዙን ይዛ። ሰው ከፊቷ ሲመጣ ቆም ትላለች፤ መካከሉን ለሚያልፈው ትለቃለች።